ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከመግባታችሁ በፊት

ባለፈው ጥቅምት የጎረቤቴ ልጅ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ወዳለው ቤቴ መጣ። ቡና ላይ ነበርን። እሱና ሚስቱ የቪዛ ጉዳያቸውን ጨርሰዋል፤ የስድስት ዓመት ሴት ልጅ አለቻቸው። አሜሪካ ያለው አጎቱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ሁለት ቤት አግኝቶላቸው ፎቶ ልኳል። አንደኛው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሮጌ አፓርትመንት ውስጥ ያለ ባለ አንድ መኝታ ነው። ሁለተኛው ፖቶማክ የሚባል ሰፈር ውስጥ የአንድ ትልቅ ቤት ቤዝመንት፣ ማለትም ከምድር በታች ያለው ክፍል ነው። ዛፉ፣ ሳሩ፣ ደጃፉ ላይ ያለው ነጭ ምሰሶ ልብ ይሰርቃል። ኪራያቸው እኩል ነው ማለት ይቻላል።

«እትዬ፣ ሚስቴ ሁለተኛውን ወዳለች። እርስዎ ምን ይላሉ?» አለኝ።

ፎቶውን ሳየው ደነገጥኩ። እኔም የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ የገባሁት እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ነበር። ያን ቀን ሦስቱም ስኒ እስኪያልቅ የነገርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው፤ ሌላም ሰው ይጠቅመው ይሆናል።

ዕድሜዬን ጎንደር ውስጥ በአዋላጅ ነርስነት ነው ያሳለፍኩት። በ2008 ዓ.ም. ትልቋ ልጄ ወሰደችኝ። ትንሹ ልጄ ያኔ 13 ዓመቱ ነበር፣ አብሮኝ ሄደ። ሰባት ዓመት ኖሬ በ2015 ዓ.ም. ተመለስኩ። ልጆቼ እዚያው ናቸው። ኖሬ ያየሁት ሞንትጎመሪ ካውንቲን ብቻ ስለሆነ የምመክረውም ስለ እሱ ነው። ደግሞም ካውንቲው ለጎንደሬ ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012፣ አይዛያ ሌጌት የካውንቲው አስተዳዳሪ በነበሩበት ዘመን፣ ጎንደርና ሞንትጎመሪ እህትማማች ሆነዋል።

መጀመሪያ ካውንቲ ምን እንደሆነ ይግባችሁ። ከተማ አይደለም፤ በእኛ አነጋገር ለዞን የቀረበ ነገር ነው። ሞንትጎመሪ ሜሪላንድ በሚባለው ስቴት (ክልል) ውስጥ ሆኖ ዋሽንግተን ዲሲን በሰሜን በኩል ያዋስናል። መቀመጫው ሮክቪል ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ሲቆጠር ከ1 ሚሊዮን 60 ሺህ በላይ ሰው ነበረበት። ከመሬቱ ሲሶ የሚሆነው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ለእርሻ ብቻ ተብሎ የተጠበቀ ነው፤ በቆሎና ፈረስ ታያላችሁ። እና አንድ ሰው «ሞንትጎመሪ ነው የምኖረው» ቢላችሁ ገና ምንም አልነገራችሁም። ፖቶማክና ቤተስዳ የሀብታም ዓለም ናቸው። ዊተንና ሲልቨር ስፕሪንግ ሌላ ናቸው። ጀርመንታውን ደግሞ ራቅ ብሎ ለብቻው ነው።

«ሀብታም ካውንቲ» የሚለውን ቃል ስትሰሙ እርሳስና ወረቀት ያዙ። የካውንቲውን ቤተሰቦች በገቢያቸው ከላይ እስከ ታች ብታሰልፏቸው መሃል ላይ የሚቆመው በዓመት ከ120 ሺህ ዶላር በላይ ያገኛል። አሁን የራሳችሁን አስሉ። ካውንቲው ቀጣሪ ከዚያ በታች እንዳይከፍል የሚከለክል የራሱ የደመወዝ ወለል አለው። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ትልልቅ ቀጣሪዎች በሰዓት ከ17 ዶላር ከ65 ሳንቲም በታች መክፈል አይችሉም። የፌዴራሉ ወለል 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ስለሆነ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በሳምንት 40 ሰዓት ብትሠሩ በዓመት 36,712 ዶላር ይሆናል። ከዚያ ላይ ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለጡረታ) እና ለሜዲኬር (ለአረጋውያን ሕክምና) ብቻ 7.65 ከመቶ ይቆረጣል። የፌዴራል፣ የስቴትና የካውንቲው የራሱ ግብር ይከተላል። በእጃችሁ የሚገባው ሌላ ቁጥር ነው። ኪራይ ስትስማሙ ማየት ያለባችሁ ያንን የመጨረሻውን ቁጥር ነው። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ሙሉውን ቁጥር እያየሁ ተስማምቼ ብዙ ተጎድቻለሁ። ሱቁ፣ የመኪና ጥገናው፣ የሕፃናት መዋያው ሁሉ ዋጋ የሚቆርጠው ያንን መሃል ላይ የቆመውን ቤተሰብ እያየ ነው።

ታዲያ ምን ጥሩ ነገር አለው? አለው፣ በጣም አለው። ያ ሁሉ ሀብት በግቢ ታጥሮ አይቀርም። ግብር ሆኖ ይመለሳል፣ ከዚያ የሁሉም ይሆናል። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የፖቶማኩ ሐኪምና እኔ እኩል ነበርን። ካርዱ በነፃ ነው፣ ኮምፒውተሩ በነፃ ነው። እንግሊዝኛ የሚለማመዱ ሰዎች ክብ ሠርተው የሚያወሩበት ሰዓት አለ። እኔ አፌን የፈታሁት እዚያ ነው። መናፈሻው፣ የእግር መንገዱ፣ የልጆች መጫወቻው ማንንም አይጠይቅም። መድን የሌላቸው ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው አዋቂዎች የሚታከሙበት ሞንትጎመሪ ኬርስ የሚባል የካውንቲው ፕሮግራም አለ። በደረሳችሁ ሳምንት ስለ እሱ ጠይቁ፤ እስክትታመሙ አትጠብቁ። ካውንቲው ውስጥ የእኛ ሰው ብዙ ስለሆነ አማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ነውር አይደለም። «ኢንተርፕሬተር፣ አምሃሪክ» ማለት ብቻ ይበቃል።

ትምህርት ቤቱን ለብቻው ላንሳ። አብዛኛው ሰው ወደዚያ የሚሮጠው ለእሱ ነውና።

የሕዝብ ትምህርት ቤቱ ነፃ ነው። ልጁ የት እንደሚማር የሚወስነው ግን የቤታችሁ አድራሻ ነው። ስለዚህ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ሙሉ አድራሻውን ይዛችሁ በትምህርት ቤቶቹ ድረ ገጽ ላይ የትኛው አንደኛ ደረጃ፣ የትኛው መካከለኛ፣ የትኛው ሁለተኛ ደረጃ እንደሚደርሳችሁ አረጋግጡ። የመንገዱ ወዲህና ወዲያ ማዶ የተለያየ ትምህርት ቤት ሊደርሳቸው ይችላል። ደላላ ወይም ዘመድ በአፉ የነገራችሁን አትመኑ። ከጎንደር ስትነሱ የልጁን የልደት የምስክር ወረቀትና የክትባት ካርድ በእጅ ቦርሳ ያዙ፤ ሻንጣ ይጠፋል። ካርዱ የተቀደደ ከሆነ እዚሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ በእንግሊዝኛ አጽፉ። እኔ ስንት እናት ከዚህ የተነሳ ልጇን ድጋሚ ስታስወጋ አይቻለሁ። እዚያ ደግሞ የኪራይ ውሉ ያስፈልጋል። የሰው ቤት ተጠግታችሁ ከሆነ ባለቤቱ በወረቀት ሊያረጋግጥላችሁ ይገባል፤ ፈቃደኛ መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የተማሪ አውቶቡስ አለ፤ ግን አንደኛ ደረጃ ከ1 ማይል በታች ከሆነ ልጁ በእግሩ ነው የሚሄደው። ሁለተኛ ደረጃ ከሆነ እስከ 2 ማይል ድረስ በእግር ነው፤ ሦስት ኪሎ ሜትር ከምናምን ማለት ነው። ለጎንደር ልጅ ይሄ ምንም አይደለም። ጥር ላይ በበረዶ ሲሆን ግን ነገር ነው።

አሁን ስለ ልጄ ልንገራችሁ። ፖቶማክ የገባነው ለእሱ ስንል ነው። የትምህርት ቤቱን ስም ሁሉም ሲያደንቀው ሰማን፣ ከቤዝመንቱም ጋር ያገናኘን ሰው «ይህን ዕድል እንዳታሳልፉት» አለ። ትምህርቱ በእርግጥ ጥሩ ነበር። ላቦራቶሪው የእኛን ኮሌጅ ያስንቃል። መምህራኑ ልጁን በስሙ ያውቁታል። ልጁ ግን ዝም እያለ መጣ። ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ አብረውት የሚማሩት ክረምቱን አውሮፓ አሳልፈው ይመለሳሉ። 16 ዓመት የሞላው መኪና ተገዝቶለት ይመጣል። እሱ ቅዳሜን እኔ ከሥራ እስክመለስ ቤዝመንቱ ውስጥ ብቻውን ይውላል። ጓደኛ ቤት ለመሄድ የሚያደርሰው ሰው የለም። አንድ ቀን የወላጆች ስብሰባ ነበር። ከምሠራበት ነርሲንግ ሆም፣ ከአረጋውያን መጦሪያው፣ በቀጥታ ልሄድ ተዘጋጅቻለሁ። በስልክ «እማ፣ ሰማያዊውን ልብስ ቀይረሽ መምጣት ትችያለሽ?» አለኝ። የሥራ ልብሴን ማለቱ ነው። ጎንደር እያለን ያንን መሰል ልብስ ለብሼ ሳልፍ «የእኔ እናት ናት» ብሎ ለጓደኞቹ የሚያሳይ ልጅ ነበር። ቀይሬ ሄድኩ። ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው። ትምህርት ቤት ስትመርጡ ስሙን ብቻ ሳይሆን ልጃችሁ እዚያ ማንን እንደሚመስል ጠይቁ። እንግሊዝኛ ገና የሚማሩ ልጆች ብዙ ናቸው? ከክፍል በኋላ የሚያመጣው አውቶቡስ አለ? አማርኛ የሚናገር ልጅ አለ? ወደ ዊተን ስንዛወር ልጄ ከኤል ሳልቫዶር፣ ከቬትናም፣ ከአዲስ አበባ ከመጡ ልጆች ጋር ገባ። በሁለት ወር ሳቁ ተመለሰ። ከዚያ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ገባ። ለካውንቲው ነዋሪ ክፍያው በጣም ይቀንሳል። ሁለት ዓመት ተምሮ ወደ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተሻገረ። ፖቶማክ ቀርተን ቢሆን ከዚህ የበለጠ ምን ያገኝ እንደነበር አላውቅም። እሱ ግን «ትክክል አድርገሻል» ይለኛል።

መንገዱ ከቤቱ ይበልጣል። ይሄን ለጎረቤቴ ልጅ ሦስት ጊዜ ደግሜ ነግሬዋለሁ። ጎንደር ውስጥ ከማራኪ ፒያሳ ለመድረስ ባጃጅ ወይም ታክሲ ደጃፋችሁ ላይ ነው፣ ባይኖርም በእግር ይደረሳል። ሀብታሙ ሰፈር የተሠራው መኪና ላለው ሰው ነው። ብዙ ቦታ የእግረኛ መንገድ እንኳን የለውም። ከእኛ ቤዝመንት እስከ አውቶቡስ ማቆሚያ 50 ደቂቃ በእግር ነበር፣ በመኪና መንገድ ዳር ሣሩን እየረገጥኩ። የሌሊት ሺፍት ስገባ ትልቋ ልጄ ከጀርመንታውን እየነዳች መጥታ ታደርሰኝ ነበር። እርጉዝ ነበረች። አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል።

መንጃ ፈቃድና መኪና እስክታገኙ፣ ሬድ ላይን ከሚባለው የሜትሮ ባቡር ጣቢያ ወይም ብዙ አውቶቡስ ከሚያልፍበት መንገድ በእግር 15 ደቂቃ ውስጥ ተከራዩ። ሬድ ላይን ሁለት ክንድ አለው። አንዱ በቤተስዳና በሮክቪል አድርጎ ሼዲ ግሮቭ ያልቃል። ሌላው በሲልቨር ስፕሪንግና በዊተን አድርጎ ግሌንሞንት ያልቃል። ጀርመንታውን ሜትሮ የለውም። ማርክ የሚባለው ባቡር ያልፋል፣ ግን የሥራ ቀን ብቻ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ የለም። ኪራዩ ረከስ ሊል ይችላል፣ በምትኩ መኪናና ኢንሹራንስ ትገዛላችሁ። የካውንቲው አውቶቡስ ራይድ ኦን ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ2025 ክረምት ጀምሮ ክፍያው ቀርቷል፤ ለሁሉም ነፃ ነው። ለአዲስ ገቢ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ፎቶ ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። እዚሁ ጎንደር ሆናችሁ ስልካችሁ ላይ ካርታውን ክፈቱ። የቤቱን አድራሻ አስገቡ፤ በአውቶቡስና በባቡር የሚለውን ምረጡ። ከዚያ ሰዓቱን ለውጡ። ማክሰኞ ከቀኑ አራት ሰዓት ላይ ብቻ አትዩ። እሑድ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቅዳሴ ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ማታ አምስት ሰዓት ላይ ከሥራ ለመመለስስ? የአሜሪካ ሰዓት አቆጣጠር ከእኛ በስድስት ሰዓት እንደሚለይ አትርሱ፤ ስልኩ የሚያሳያችሁ የእነሱን ነው። ካርታው «መንገድ የለም» ካላችሁ፣ በእውነትም የለም ማለት ነው።

ኪራዩ ላይ ደግሞ ጠንቃቃ ሁኑ። ከቤዝመንቱ ስንወጣ ባለቤቱ የያዘብኝን ዲፖዚት፣ ማለትም የመያዣ ገንዘቤን አልመለሰልኝም። ግድግዳው ሻግቷል አለ። ሻጋታው ስንገባም ነበር፤ ግን ማስረጃ አልነበረኝም። አለቀስኩ፣ ተውኩት። በሕጉ ባለቤቱ ዲፖዚቱን በ45 ቀን ውስጥ መመለስ ወይም የቆረጠበትን ምክንያት በጽሑፍ መስጠት እንዳለበት ያወቅኩት ከዓመት በኋላ ነው። እናንተ ቁልፉን በተረከባችሁበት ሰዓት፣ ዕቃ ሳታስገቡ፣ እያንዳንዱን ግድግዳ፣ መታጠቢያ ቤቱን፣ ምድጃውን ፎቶ አንሱ። ለባለቤቱም ላኩለት። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ሜሪላንድ ውስጥ ለአዲስ ውል ከአንድ ወር ኪራይ በላይ ዲፖዚት መጠየቅ አይቻልም። «ሁለት ወር አምጡ» የሚላችሁ ካለ ሕጉን አንሱለት። ካውንቲው ደግሞ ከ2024 ጀምሮ በአሮጌ አፓርትመንቶች ላይ ኪራይ በዓመት ከ6 ከመቶ በላይ እንዳይጨምር ገድቧል። የግል ቤት ቤዝመንት ከተከራያችሁ ግን በዚህ ገደብ አትመኩ። አሮጌ አፓርትመንት የሚሻልበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ቆይታችሁ ቤት መግዛት ካሰባችሁ ኤምፒዲዩ የሚባለውን ጠይቁ። ካውንቲው እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ፣ አልሚዎች ብዙ ቤት ሲሠሩ ከመካከሉ የተወሰነውን መካከለኛ ገቢ ላለው ሰው በቅናሽ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። ትልቋ ልጄ ቤት ያገኘችው በዚህ ነው። ሥልጠናውን ወስዳ፣ ወረቀቷን አሟልታ፣ ተራ ጠብቃ።

የሰፈር ደንብ አለ። ሳሩ ከ12 ኢንች በላይ ካደገ ትከሰሳላችሁ። በረዶ ጥሎ ካቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ ቤታችሁ ፊት ያለውን የእግረኛ መንገድ መጥረግ የእናንተ ግዴታ ነው፤ ተከራይ ከሆናችሁ ማን እንደሚጠርግ ውሉ ላይ ይጻፍ። ቡና ስትቆሉ መስኮት ክፈቱ፣ ከጢስ ጠቋሚው ራቁ። ዕጣኑንም እንዲሁ። ዊተን እያለሁ በመስቀል ቀን የቆላሁት ቡና ፎቁን ሁሉ አስወጥቷል፤ የእሳት አደጋ መኪና መጣ። ጎረቤቶቼ አልተቆጡም፤ ሁለቱ ቡናውን ሊቀምሱ ተመልሰው መጡ። እዚያ በኖርኩበት ዘመን ጎረቤት ቤቴ የገባው ያን ቀን ነው መጀመሪያ።

ብቸኝነቱን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ፖቶማክ አንዲት አሮጊት ቤታቸው እየሄድኩ እንከባከብ ነበር። ስድስት መኝታ ቤት አለው። ሁሉም ባዶ ነው። ልጆቻቸው ካሊፎርኒያ ናቸው። ስደርስ እጄን ይይዙና አይለቁም። ግራና ቀኝ ያለው ጎረቤት ስማቸውን እንኳን አያውቅም። እኛ ቤት ሰው ሲታመም ገንፎ ይዞ የሚመጣው አይታጣም። እድር አለ፣ ጽዋ አለ፣ ሰንበቴ አለ። እዚያ እነዚህን ራሳችሁ ነው የምትሠሯቸው። በአካባቢው ያለውን የእኛን ሰው እድር በመጀመሪያው ወር ፈልጋችሁ ግቡ። ሲልቨር ስፕሪንግና ዲሲ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ከቅዳሴ በኋላ ቶሎ አትውጡ፣ ሥራ የሚገኘውም፣ ቤት የሚገኘውም፣ ልጅ የሚጠብቅ ሰው የሚገኘውም እዚያ ቆሞ በማውራት ነው። እኔና ሦስት ሴቶች በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ተራ በተራ ቡና እናፈላ ነበር። ያ ቡና ባይኖር ሰባት ዓመት አልቆይም ነበር።

እናትና አባታችሁን ልትወስዱ ላሰባችሁ ደግሞ ይህን ልበል። ወላጅ ፀጥ ባለ ሀብታም ሰፈር ውስጥ እስረኛ ይሆናል። መንዳት አይችልም፣ ቋንቋ የለውም፣ እናንተ ማታ ነው የምትመለሱት። የምትወስዷቸው ከሆነ በእግራቸው ሄደው እንጀራ የሚገዙበት፣ ሰላም የሚሉት ሰው ያለበት ቦታ ይሁን። ሲልቨር ስፕሪንግ መሃል ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው በአማርኛ የሚያወጉ አዛውንቶች አይቻለሁ። ፖቶማክ ውስጥ በመንገድ የሚሄድ አዛውንት አላየሁም።

እኔ የተመለስኩት ካውንቲውን ጠልቼ አይደለም። እዚህ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ፣ ጄሪካን ስደረድር፣ መብራት ሲሄድ ትዝ ይለኛል። ጉልበቴ ደከመ፣ ልጆቼ ራሳቸውን ቻሉ፣ ጥምቀትን በፋሲል መዋኛ ሳላየው ሰባት ዓመት አለፈኝ። ስለዚህ መጣሁ።

የጎረቤቴ ልጅ ያን ቀን ስኒው ከተነሳ በኋላም አልሄደም። ስልኩን አውጥተን አብረን ካርታውን ከፈትን። ከፖቶማኩ ቤት ሚስቱ ልትሠራበት ወዳሰበችው ቦታ፣ ለእሑድ ንጋት፣ መንገድ አላወጣም። ከሲልቨር ስፕሪንጉ አፓርትመንት እስከ ባቡሩ 11 ደቂቃ በእግር አለ። እስከ ልጅቷ ትምህርት ቤት 8 ደቂቃ። ሚስቱን ጠራት፣ መጣች፣ እሷም ራሷ አድራሻውን አስገብታ አየች። ነጩን ምሰሶ ደግማ ተመለከተችውና «ያሳዝናል» አለች። ከዚያ አጎቱ ጋ ደወሉ።

ትልቋ ልጄ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ትቀበላቸዋለች። እናቱ ከአሁኑ በርበሬ እያስፈጨች ነው። እኔ የልጅቷን የክትባት ካርድ አይቼላቸዋለሁ፤ አንድ ቀን የተሳሳተ ተጽፎ ነበር፣ ሰኞ ጤና ጣቢያ ሄደን እናስተካክለዋለን።